ከክር መጋዘኑ ጀርባ ስለ ተነሳው ስቶቭ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ሆድዎም የሞላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሆድዎን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የምጽፍልዎ ስለ ሆድ ነው። እኔ በሁለተኛው መስመር ኮሌታ የምሰፋው፣ ባልደረቦቼ «አፈኛዋ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን ሆዴ ራሱ አልፈጅም ስላለኝ ደብዳቤዬን ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ከክር መጋዘኑ ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ምሳችንን የምናበስልበት ስቶቭ ተነሳ። ማስታወቂያዎ «አርጅቶ ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ ተወግዷል» ይላል። በምትኩ የኩባያ ፓስታ የተደረደረበት መሸጫና የፈላ ውሃ ማሽን ተተከለልን። ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ውሃ መጨመር፣ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ፣ መብላት ነው። ስለዚህ ውለታ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጣዕሙ አመሰግናለሁ። ውሸት አልወድም፤ ይጣፍጣል። በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን የላስኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርት መክተፍ የለ፣ ድስት መፈግፈግ የለ፣ እመቤት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የመስመሩ ሰው ሁሉ ሆዱ ይጮህ ጀመር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ራሱ አንገሸገሸን።

፪. ስለ ዋጋውም አመሰግናለሁ። ድሮ አንዷ ድንቹን፣ ሌላዋ ካሮቱን እያመጣን፣ አሥራ አራታችን በተራ እያበሰልን፣ አንድ ድስት ሁላችንን አጥግቦ ይተርፍ ነበር። አሁን አንድ ኩባያ የሚሸጥበት ዋጋ ያኔ ሁለት ሰው ያጠግብ ነበር። ቁልፍ የምትተክለው ባልደረባችን ኩባያዋን ለልጇ ይዛ ትሄድና እሷ የፈላ ውሃውን ብቻ ትጠጣለች። ውሃውን በነጻ ስላደረጉልን እግዜር ይስጥልን።

፫. ምግቡ በሦስት ደቂቃ ስለሚደርስ የምሳ ሰዓታችንን በግማሽ ስለ ቀነሱልን አመሰግናለሁ። በዚህ ላይ የምለው የለኝም፣ ጊዜም የለኝም።

፬. ይህንን ቁጥር ያለ ቀልድ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። በካውያ ክፍል የሚሠሩትን ጋሼን ያውቋቸዋል፤ እርስዎ የለበሱትን ሸሚዝ የተኮሱት እሳቸው ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሠርተዋል፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል። የእኛ ድስት አንድ ደንብ ነበረው፦ ተረኛዋ ጨው ከመጨመሯ በፊት የጋሼን ድርሻ ለብቻ ታወጣለች። ደንቡን የጻፈው ሰው የለም፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የረሳችውም የለችም። የእርስዎ ኩባያ ግን ጨውን ቀድሞ ጨምሮ ነው የታሸገው።

ከቤታቸው ይዘው አይመጡም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን ሞክረው ነበር፤ ያመጡትን አይቼዋለሁ፣ ኮሌታ ለማጠንከር ይሆናል እንጂ አይበላም። ስለዚህ ብዙ ቀን ደረቅ ዳቦ በሉ፤ በመጨረሻ ረሃቡ ሲጸናባቸው ኩባያውን ገዙ፤ ሳምንት ሙሉ እሱን ሲበሉ ከረሙና ባለፈው ማክሰኞ ካውያውን እንደ ያዙ ተዝለፍልፈው ወደቁ። አሁን ወደ ደረቅ ዳቦው ተመልሰዋል፤ ትናንት ደግሞ የሥራ መልቀቂያ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው አሥራ ዘጠኝ ወር ነው። ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ ስናደድ ደግሞ እጄ አያርፍም። የእሳቸውን መልቀቂያ አልጽፍም ብዬ ይህንን ጻፍኩ።

የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ስቶቩን ይመልሱልን። ኩባያውም ለወደደው እዚያው ይቀመጥ፣ አንጣላውም።

ውድ ጊዜዎን ከሦስት ደቂቃ በላይ በመውሰዴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ኮሌታዎ ዘወትር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከልቧ የምትመኝልዎ፣ የዛሬውንም ሳትሰፋው ያልቀረች፣

ትሑት ሠራተኛዎ
ከሁለተኛው መስመር

ማስታወሻ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም ሳይሆን አይቀርም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከቢሮዎ በር ሥር የሚወጣውን፣ እየሞቀ ያለ የቤት ምግብ ሽታ እኛ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተወገደ የተባለው ስቶቭ በእርስዎ ዘንድ በሕይወት በመኖሩ ደስ ብሎናል። አደጋ አለው ማለትዎም እውነት ነው፤ የግራው ማብሪያ ጫን ተብሎ ካልዞረ የጠፋ ይመስላል እንጂ አይጠፋም። ቢሮዎን ቆልፈው ከመውጣትዎ በፊት እባክዎ ጫን አድርገው ያዙሩት። ይህንን የምነግርዎ ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ከግድግዳዎ ማዶ ያለው የካውያ ክፍል ነው፤ ጋሼ የምሳዎን ሽታ እያሸተቱ ደረቅ ዳቦ የሚበሉት እዚያ ነው።