በጥር ብርድ የሞላሁት ጥይት

ለውድ ወንድሜ ለኬንደል፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህን እንዴት ይዞሃል? እኛ በሙቀት ስንቀቀል በምድር ማዶ እናንተ ዘንድ ክረምት ነውና፣ ያ በብርድ የሚነሣብህ ወገብህ ዘንድሮስ ማረህ? ሞራግስ እንዴት ናት? ፈርገስ ከእናቱ በቁመት መብለጡን የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አይተን፣ ባሌ ዳርል «ይህ ልጅ የበር መቃን ሊሰብር ነው» ብሎ ሳቀ። ቴስስ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? ላሞቹስ በሰላም እየወለዱ ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስልህ አባባንም ጨምሬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ከታች ያለውን ስታነብ ልብህ እንዳይሰቀል ብዬ ነው። አባባ ደህና ነው፤ እኔም ሁለቱ ዓይኖቼ በቦታቸው አሉ።

በሰኔ በላክኸው ደብዳቤ እዚያ ያለው የተኩስ ማኅበር አባል መሆንህን፣ ባዶ ቀለህ ውስጥ ባሩድ እየጨመርህ ጥይትህንም ራስህ መሙላት መጀመርህን ነግረኸኝ፣ «ለውድድር ስንት ሞልቼ ላስቀምጥ? አንድ ሺህ ይበቃል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እስካሁን ያልመለስኩልህ በስንፍና አይደለም፤ በኀፍረት ነው። ያኔውኑ መልሼ ቢሆን ኖሮ «አንድ ሺህ ምን አላት፣ ጨምር» እልህ ነበር። አሁን የምልህ ሌላ ነው። ለምን ሌላ እንደሆነ ግን ከነታሪኩ ልንገርህ።

ባሩድ ከገበያ ጠፍቶ እንደነበር ታውቃለህ። ሁለት ዓመት ሙሉ መደብር በገባሁ ቁጥር ባዶ መደርደሪያ ነው የማየው። ባለፈው ጥር ቢሊንግስ ወርጄ፣ ለመኖ መደብራችን ዕቃ ሳመጣ፣ እግረ መንገዴን ብገባ አንድ ትልቅ ጣሳ አገኘሁ። ልክ የምፈልገው ዓይነት! እንደ ሕፃን አቅፌው ነው ወደ መኪናዬ የሄድኩት። ዳርል ሲያየኝ «ለኔ የልደት ስጦታ መስሎኝ ነበር» አለ፣ ምስኪን።

ከዚያ በኋላ ስግብግብነት ያዘኝ። በረዶው ጉልበት እየደረሰ፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሃያ ያህል ሞክሬ፣ ከሁሉ የሚያምረውን መጠን መረጥሁ። የባሩድ መጠን የሚነግረው መጽሐፍ «ከዚህ አትለፉ» ከሚለው ድንበር በአንድ ፀጉር ብቻ ዝቅ ያለ ነበር። አምስቱ ጥይት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሲገቡ ሳይ «በቃ ይኸው ነው» አልኩ። ከዚያማ ምን ልበልህ፣ ሦስት ሳምንት ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ እየገባሁ፣ እስትንፋሴ እየጨሰ ዘጠኝ መቶ ሞላሁ። ባሩዱ እንደገና ቢጠፋስ? ቢወደድስ? እያልኩ ነው። ደርድሬ ሳየው የጠገበች አይጥ መሰልኩ።

ከዘጠኝ መቶው ውስጥ መቶውን ለአባባ ሰጠሁት። እኔና እሱ የምንተኩሰው አንድ ዓይነት ጥይት ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖት የለ? የሚዛኑን ቁጥር አጥርቶ አያይም፣ ባሩዱንም ሲያፈስ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀረው። እሱ ግን አፉን ሞልቶ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በልደቱ ቀን ሁለት ሣጥን ሰጥቼው «ለሐምሌው የልዊስታውን ውድድር ይሁንህ» አልኩት። ሣጥኖቹን አገላብጦ አይቶ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ ሐምሌ ደረሰ። ያ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ጠጠሩ የሚነድድበት፣ የመኪናውን እጀታ በእጅ የማትነካበት ቀን ነበር። አባባ ማልዶ ወደ ልዊስታውን ሄዷል። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ከነበረችው ከሎይስ ጋር ለልምምድ ወደ እኛው ከተማ ተኩስ ሜዳ ወጣን። ጥይቴን ከሣጥኑ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የመጀመሪያውን ስተኩስ መቀባበያው ጠጠር አለብኝ። አቧራ ነው ብዬ ጠረግሁት። ሁለተኛው ላይ በመዳፌ መትቼ ነው የከፈትኩት። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ፤ አውቃለሁ፣ አትቆጣ። ሦስተኛው ላይ እንደ ጥፊ ያለ ትኩስ ነፋስ ፊቴን መታኝ፤ መነጽሬም በጥቁር ነጠብጣብ ተሸፈነ።

ሎይስ «እጅሽን ከጠመንጃው ላይ አንሺ! አሁኑኑ!» ብላ ጮኸች። አውቶቡስ ውስጥ ሰባ ልጅ ዝም የምታሰኝበት ድምፅ ነው፤ አነሣሁ። ቀለሁን በመከራ አወጣችው። ቂጡ ላይ የምትሰካው ትንሿ መለኮሻ ተጠፍጥፋ፣ መሐሏ ተበስቷል። ሎይስ ወደ ብርሃን ይዛ አየችውና፣

«ይህን የሞላሽው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ጥር ላይ።»

«የሞከርሽውስ?»

«ጥር ላይ፤ በበረዶው።»

«አይ ሮንዳ! በብርድ ድንበር ላይ ያቆምሽው ባሩድ ፀሐይ ሲመታው ግፊቱ ድንበሩን ይዘላል፤ ይህን ማወቅ አቅቶሽ ነው? ደግሞስ ስንት ሞልተሻል?»

«ዘጠኝ መቶ።»

«ዘጠኝ መቶ! ከካናዳ ጋር ጦርነት ልትከፍቺ ነው?»

ልስቅ አፌን ስከፍት አባባ ትዝ አለኝ። የአባባ ጠመንጃ ከእኔው በሠላሳ ዓመት ያረጀ ነው፤ እንዲህ ያለ ግፊት አይችልም። ውድድሩ ሰባት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ያኔ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ስልኩ ላይ ብደውል አይነሣም። በቤቱ በኩል ሳልፍ ሮጬ ገባሁ፤ ስልኩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ይጮኻል። ወደ ልዊስታውኑ ተኩስ ሜዳ ሎይስ ደጋግማ ደወለች፤ ሰው ሁሉ ውጭ ነው መሰለኝ ማንም አላነሣም። ስለዚህ ነዳሁ። ሰባ አምስቱን ማይል እንዴት እንደነዳሁት እኔና አምላኬ ነን የምናውቀው። ግራስ ሬንጅ ሳልደርስ መንገድ እየተሠራ ኖሮ፣ ቀይ ምልክት የያዘ ሰውዬ አስቆመኝ። «ሃያ ደቂቃ ነው እመቤት፣ ዘና በይ» አለኝ። «አባቴ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ነው፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልወጣልኝም። ፊቴን አየ፤ ያ ጥቁር ነጠብጣብ አሁንም ጉንጬ ላይ ነበር። በሬዲዮው አንድ ነገር ተናገረና ውኃ ከምትረጨው መኪና ኋላ አስከትሎ አሳለፈኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ስደርስ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ተኩሱ ተጀምሯል። የመኪናዬን በር ሳልዘጋ ሮጥኩ። እንደምታውቀው አደጋ ያየ ማንም ሰው «ተኩስ አቁሙ» ማለት ይችላል፤ እኔም ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ ጮኽሁ። መስመሩ በሙሉ ጸጥ አለ። አርባ ሰው ከመሬት አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል። የውድድሩ ኃላፊ ቡርክ ባንዲራውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። አባባ ምንጣፉ ላይ በሆዱ እንደተኛ ዞር ብሎ፣ «ሮንዳ! ቤት ነው የተቃጠለው ወይስ ዳርል ነው የሞተው?» አለኝ።

«ጥይቱን አትተኩስ! እኔ የሰጠሁህን! በሙቀት ይፈነዳል!»

አባባ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱንማ አላመጣሁትም» አለ።

«የት ነው ያለው?»

«ቤት ነው። የካልሲዬ መሳቢያ ውስጥ።»

ቡርክ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እመቤት፣ ውድድሩን ያስቆምሽው ለካልሲ ነው?» ሲል አርባው ሰው በሣቅ ፈነዳ። እኔ እዚያው ሣር ላይ ተቀመጥሁ። ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም፤ ሁለቱንም ሳላደርግ አልቀረሁም። ቡርክ ግን ጨዋ ሰው ነው። ነገሩን ሲረዳ ለሁሉም ጮክ ብሎ ነገራቸውና፣ «ጥይታችሁን ከፀሐይ አንሡ፤ እናንተም በክረምት የሞላችሁ ካላችሁ ደግማችሁ አስቡ» አላቸው። ሦስት ሰዎች ሣጥናቸውን ሲከድኑ በዓይኔ አየሁ።

አባባ ያን ቀን አሥራ አንደኛ ወጣ። ሲጨርስ በመኪናዬ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳንዱች ስንበላ፣ «ቅር እንዳይልሽ ነው የደበቅሁት» አለኝ። «በሕይወቴ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት ተኩሼ አላውቅም። የእናትሽን ምግብ ሳልጠይቅ እበላ ነበር። ጥይት ግን ጉንጬ ሥር ነው የሚፈነዳው።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምትተኩሰው የማንን ነው?» አልኩት።

ወንድሜ፣ የነገረኝ ይህ ነው። ሐኪሙ ስለ እጁ የነገረው በመስከረም ነበር። ከዚያ ወጥቶ፣ ለማንም ሳይተነፍስ፣ እጁ ገና እሺ እያለው በዚያ መኸር አንድ ሺህ አራት መቶ ጥይት ሞላ። መጠኑን የሞከረው በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ በእሳታማው ቀን ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በየውድድሩ ሰባ ያህል ይተኩሳል፤ በዓመት ሦስት ውድድር። «ሂሳቡን ሳየው ከኔው ጋር እኩል የሚያልቅ መሰለኝ» አለኝ። «ስንት ቀረህ?» ብለው «ከዛሬው በኋላ መቶ አርባ» አለ። ሁለት ውድድር ማለት ነው። «ከዚያ በኋላስ?» አልኩት። «ከዚያ በኋላማ ወንበር ይዤ ሌላውን አያለሁ» አለና ፍርፋሪውን ከጭኑ ላይ አራገፈ።

በማግሥቱ የቀሩኝን ጥይቶች ሁሉ፣ በካልሲው መሳቢያ ያሉትንም ጨምረን፣ ማፍረስ ጀመርን። መዶሻ በመሰለች ዕቃ ውስጥ ጥይቱን ከትተህ እንጨት ላይ ትመታለህ፤ ጫፉ ላይ ያለው እርሳስም ባሩዱም ይወጣል። ስምንት ቀን ቋ! ቋ! ስንል ሰነበትን። ዳርል ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፎ ነበር። አባባ ከሁላችንም በለጠ፤ «የሚንቀጠቀጥ እጅ የሚጠቅምበት ሥራ መጣልኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

ያን ሰሞን ነው ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ሚዛኑን እኔ ላንብብልህ፣ ባሩዱን እኔ ላፍስስልህ፤ መጠኑን አንተ ወስን፣ የመሙያውን ማሽን እጀታም አንተ ተጫን። ያኔ ጥይቱ ያንተው አይባልም?» ያልኩት። «ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ታነቢልኛለሽ?» አለኝ። «ሦስት ጊዜ» አልኩት። በነሐሴ መጀመሪያ በዋናው ሙቀት ሃያ ሞልተን ሞከርን፤ መቀባበያው እንደ ቅቤ ተከፈተ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰማንያ ጨመርን። ኬንደል፣ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ጥያቄህን ልመልስልህ። የተሞላ ጥይት ለሁለት ውድድርና ለጥቂት ልምምድ የሚሆን፣ ሁለት መቶ ያህል ይበቃሃል። ብዙ ማስቀመጥ ካማረህ ባሩዱን በራሱ ጣሳ፣ ቀለሁንም እርሳሱንም ለየብቻቸው ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፤ ያልተሞላ ነገር ስሕተቱ ገና አልተሠራም። ሁለት መቶውንም ከመሙላትህ በፊት ሃያውን በዓመቱ ከሁሉ በሚሞቀው ቀን ሞክር። የሞላኸውን ጥይት ደግሞ ለሌላ ሰው ጠመንጃ፣ የወንድምህም ቢሆን፣ አትስጥ። አባባ አጠገቤ ሆኖ «አንድ ሺህ የሞላ አንድ ሺህ ጊዜ መሳሳቱን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው በይው» ይላል።

አሁን ደግሞ ቁጭ በል። ስንት ዓመት ና ብለኸው «ሥራ አለኝ» ይልህ የነበረው ሰው፣ ባለፈው ማክሰኞ «በጥር ኬንደል አገር በጋ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነው አልኩት። «ውድድር አላቸው?» አለ። አላቸው አልኩት። ትናንት ዳርል ለፓስፖርት ፎቶግራፍ ይዞት ሄደ፤ የተኩስ ባርኔጣውን አላወልቅም ብሎ ሁለት ጊዜ መለሷቸው። ጠመንጃውን በአውሮፕላን እንዴት እንደሚያሳልፍ አንተ ከዚያ በኩል ጠይቅለት። ጥይት ግን ከዚህ አይዝም። «እዚያው ደርሼ ከልጄ ጋር እሞላለሁ፤ ሚዛኑን እሱ ያነብልኛል» ብሏል።

ሞራግን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ አማቷ ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል እንደሚወድ፣ ሻይ ግን እንደማይጠጣ ንገራት። ፈርገስን ለአያቱ አልጋውን እንዲለቅለት ለምነው። ለቴስ አክስትሽ ሮንዳ ጉንጭሽን ሳመች በላት። ዳርል እጅህን ይጨብጣል፤ ሎይስም ሰላም ብላሃለች። አባባ «የምለውን ስመጣ እለዋለሁ» ብሎ ከመጻፍ ተረፈ።

እህትህ ሮንዳ

ራውንዳፕ፣ ሞንታና
ኦገስት 18 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.