ብቻ መቀመጥን ያስተማሩት የመምህርት እህተማርያም ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

መምህርት እህተማርያም ወልደሰንበት በጥቅምት ወር 1960 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ይፍሩ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አለምነሽ ደምሴ እዚሁ ሀዋሳ ተወለዱ። አባታችን ከደብረ ብርሃን ወጥተው በእርሻ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ተቀጥረው የመጡ ሰው ነበሩ። እናታችን የይርጋለም ልጅ ነበሩ። እህተማርያም የቤቱ በኩር ናቸው። ከእሳቸው በታች የተወለዱት ወንዶች በሕፃንነታቸው አለፉና የቀረሁት የመጨረሻዋ እኔ የሺ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ልጃቸው ሊዲያ ፊደሉን አቃንታልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ ነግሬያታለሁ።

እህተማርያም ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቤታችን አጠገብ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያ ደረጃን፣ ከዚያም ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ከተማ ተምረው በ1978 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሠልጥነው በ1980 ዓ.ም. አለታ ወንዶ ገጠር ውስጥ ተመደቡ። ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም፤ እሳቸው ሲዳምኛ አያውቁም። ሌላው መምህር ቢሆን ዝውውር ይጠይቃል። እሳቸው ገበያ ወጥተው ከሴቶቹ ጋር እየተቀመጡ፣ እየተሳቀባቸው ቋንቋውን ተማሩ። ክረምት ለዕረፍት ሲመጡ ከእናታችን ጋር እያወሩ ሲዳምኛው ያመልጣቸው ነበር፤ እናታችንም የይርጋለም ልጅ ናቸውና ሳይቸገሩ ይመልሱላቸው ነበር። እኛ የቀረነው አፋችንን ከፍተን እናያለን።

በ1985 ዓ.ም. የጤና ጽሕፈት ቤት ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ጌታቸው አሰፋ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ሊዲያን ወለዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሀዋሳ ተዛውረው ሒሳብ ማስተማር ቀጠሉ። አቶ ጌታቸው በ2002 ዓ.ም. በሞት ተለዩ። በዚያው ሰሞን የእህተማርያም ጉሮሮ ይታመም ጀመር። ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ድምፃቸው ከኋላ ወንበር አልደርስ አለ። ሐኪሙ ጩኸት ተዉ ሲላቸው ከትምህርት ቤት ወጥተው የቤት ለቤት አስጠኚ ሆኑ። ባጃጅ እየተሳፈሩ፣ ወይም በእግራቸው፣ ከሐይቁ ዳር እስከ መሃል ከተማ ያልገቡበት ግቢ የለም።

ስለ አስጠኚነታቸው ጥቂት ልናገር። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ልጁ ምሳ መብላቱን ነው። የልጅ እርሳስ ከእጁ ወስደው አይሠሩም። የቤት ሥራ ሥሩለት ያላቸው ወላጅ ካለ ሻይውን ጠጥተው ይወጣሉ፤ አይመለሱም። "ይህማ ቀላል ነው" ብለው አያውቁም። ቀላል የተባለ ነገር ያቃተው ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም ይሉ ነበር። ወንድምን ከእህት አያወዳድሩም። የማያውቁት ሲመጣባቸው "አላውቀውም፣ ነገ አይቼ እመጣለሁ" ይላሉ፤ ነገ አይተው ይመጣሉ። ወላጆች ልጆቻቸው ፊት አላውቅም አይበሉ ብለው ለምነዋቸው ያውቃሉ። አልሰሙም።

የዕድር ሰዎች ሐኪም የሆኑትን፣ መሐንዲስ የሆኑትን ተማሪዎቻቸውን ስም ዘርዝሪ ብለውኛል። አልዘረዘርኩም። እህቴ በሕይወት ሳሉም ሲነገርላቸው ወሬ ያስለውጡ ነበር። እኔ የምጽፈው ስለ ፊልሞንና ስለ ሙንተሃ ነው። ሁለቱም ፈቅደውልኛል።

ፊልሞንን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ፈተናው ዋዜማ አጠገቡ ተቀምጠው አስጠኑት። በ2008 ዓ.ም. ባመጣው ውጤት ሰፈሩ ሁሉ ተደነቀ፤ የእህቴም ስም ያኔ ነው በከተማው የወጣው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዓመቱ ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ሄድን። ከአለታ ወንዶ የመጡ የድሮ ተማሪዎቻቸው ከሩቅ እያዩዋቸው "አይዴ ጨምበላላ!" እያሉ ይስሟቸዋል። በሰው መሃል ፊልሞንን አየነው። እሱም አየንና ፊቱን አዙሮ ሊሾልክ ሲል እህቴ እጅጌውን ያዙት።

"ፊልሞን! ትምህርት ተዘጋ እንዴ?"

"አልተዘጋም ቲቸር። እኔ ነኝ የመጣሁት።"

"ለበዓል?"

"ወድቄ።"

እህቴ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ልጁ ግን እንባው መጣ። እንዲህ አላቸው፤ አጠገባቸው ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ቲቸር፣ ትክክል ስሠራ ቅንድብዎ ከፍ ይላል። ስሳሳት ከንፈርዎን ይነክሳሉ። የአሥራ ሁለተኛው ፈተና ጊዜ እንኳ ጥያቄዎቹ አብረን የሠራናቸውን ይመስሉ ስለነበር ፊትዎን እያስታወስኩ ነው ያለፍኩት። እዚያ ግን አዲስ ነገር ሰጡኝ። ቀና አልኩ። እርስዎ የሉም።"

ከዚያ ቀን በፊት የእህቴ ፊት እንዲህ የሚያወራ መሆኑን እኛም አላስተዋልንም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። "የሺዬ፣ ልጁን ያስተማርኩት ሒሳብ አይደለም። ፊቴን ነው ያስተማርኩት።"

ፊልሞን በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ገብቶ የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ። ዛሬ የራሱ ሱቅ አለው። ትናንት የለቅሶውን ድንኳን መብራት የዘረጋውም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እህተማርያም ሥራቸውን ለወጡ። አዲስ ተማሪ ሲይዙ መጀመሪያ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ልጁ መንገዱን ሲይዝ ወንበራቸውን ወደ መስኮት አዙረው ጀርባቸውን ይሰጡታል። ቀጥሎ በረንዳ ይወጣሉ። ልጁ "ቲቸር፣ አቃተኝ" ብሎ ሲጣራ "እስከየት ደረስክ? ጮክ ብለህ ንገረኝ" ይላሉ ከውጭ ሆነው። አብዛኛው ልጅ እየተናገረ እያለ መልሱ ይመጣለታል። በመጨረሻ ጨርሰው ይቀራሉ። ሌሎች አስጠኚዎች ፈተና ሲደርስ ቀን ይጨምራሉ፤ የእኔ እህት ይቀንሳሉ።

ይህ ነገር ለወላጅ አልተዋጠለትም። አንዷ እናት "ወንበሩም ጀርባ አለው፤ የእሳቸውን ጀርባ ደግሞ ምን እናድርገው?" ብላ ስትስቅባቸው ሰምቻለሁ። "አስጠኚ ነው የቀጠርነው ወይስ የበረንዳ ጥበቃ?" ያሉም አሉ። ይህን ሲነግሯቸው እህቴም ይስቁ ነበር። ወንበሩን ግን መልሰው አላዞሩትም።

ሙንተሃ በመሃል ከተማ ጨርቅ የሚነግዱት የአቶ አብዱልፈታህ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው የያዟት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ነገር ግን እያንዳንዷን መስመር ጽፋ ቀና ትላለች። አንድ ቁጥር ጽፋ ቀና። ምልክት ጽፋ ቀና። እህቴ ፊልሞንን አስታውሰው ደነገጡ። ይችን ልጅ ቀና ማለት ሳላስተዋት አልሞትም ይሉ ነበር። መቼም ቃል ነው፤ ያኔ ጤነኛ ነበሩ።

ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ወደ መስኮቱ ዞሩባት፤ አለቀሰች። በየካቲት በረንዳ ወጡ፤ ልጅቷ ተነጫነጨች፣ በኋላ ለመደችው። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ "ከእንግዲህ አልመጣም፤ ብቻሽን ተቀመጪ" ብለዋት ቀሩ። አባቷ በማግስቱ ቤታችን ድረስ መጡ።

"መምህርት፣ ልጄን በጭንቅ ሰዓት ጥለው ሊሄዱ ነው?"

"አቶ አብዱልፈታህ፣ የፈተናው አዳራሽ ውስጥ እኔን ማን ያስገባኛል?"

"እስከ በሩ ያድርሷት እንጂ!"

"በሩ ይኸው ነው" አሏቸው።

አቶ አብዱልፈታህ ተቆጥተው ወጡ። ሱቃቸው ሰው የሚበዛበት ነው፤ የተናገሩት በየቤቱ ደረሰ። እህተማርያም ተማሪ ይጥላሉ ተባለ። ከሌሎች ቤቶችም ከእንግዲህ አይምጡ የሚል ስልክ ይደወል ጀመር።

እንግዲህ እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ዛሬ በለቅሶው ላይ እንኳ "ምስኪን፣ ታመው ነው እኮ የቀሩት" የሚል ሰምቻለሁ። አይደለም። ከሙንተሃ ቤት የቀሩት ሚያዝያ ላይ ነው። ጎናቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ የሄዱት ግንቦት ላይ ነው። ጉበታቸው መጎዳቱ የታወቀውም ያኔ ነው። ቀኑን አታደበላልቁባቸው።

ሰኔ ሲገባ መታመማቸው ተሰማ። አቶ አብዱልፈታህ ብርቱካን ይዘው መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። "ይቅር ይበሉኝ መምህርት። ታመው መሆኑን ባውቅ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። ወላሂ አላወቅሁም" አሏቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ከልባቸው ነው። እኔ በእህቴ እግር በኩል ተቀምጬ ስለነበር እሺ ይበሉ ብዬ እግራቸውን ነካ አደረግሁ። እሺ ቢሉ ስማቸው በዚያው ቀን ይጸዳ ነበር። ያማቸው ከተማ መልሶ ያዝንላቸው ነበር።

እህቴ ግን "ያኔ ጤነኛ ነበርኩ። የቀረሁት አስቤ ነው። ዛሬ ብድንም ቤትዎ አልመጣም" አሏቸው።

"እንግዲያው ምን ልበል?"

"ምንም አይበሉ። ልጅቷ ስትቀመጥ በሩን ይዝጉላት። ማንም አይግባባት።"

አቶ አብዱልፈታህ ብርቱካኑን ትተው ደህና ሁኑም ሳይሉ ሄዱ። እኔም ተናደድኩ። "እታለም፣ እሺ ቢሉ ምን ነበረበት? ስምዎ እኮ ነው!" አልኳቸው።

"እሺ ካልኩ ልጅቷ 'ቲቸር ባይታመሙ ኖሮ' እያለች ልትፈተን ነው" አሉኝ። "'ስለቻልኩ ነው የቀሩት' ብላ ነው መግባት ያለባት። ስሙ ይቅር።"

እኔ በቀላሉ እሺ የምል ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። የዚያን ቀን ግን ተነሥቼ ብርቱካኑን ላጥኩላቸው።

ተማሪዎቹ ለፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። እህተማርያም በእነዚያ ቀናት ምግብ አልበላ አላቸው። ሊዲያ ከሕመሙ ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከሐሳብ ነው እላለሁ። ጸሎት ሲያደርሱ ሰምቻለሁ፤ የሚጠሩት የራሳቸውን ስም አልነበረም። ሙንተሃ ከፈተና ስትወጣ የልብስ ሻንጣዋን ይዛ፣ ወደ ቤቷ ሳትሄድ፣ በቀጥታ ወደ እኛ መጣች። አቶ አብዱልፈታህ ሊቀበሏት ሄደው ስለነበር አብረዋት ገቡ፤ ግን በሩ ላይ ቆሙ። እህቴ ደክመው ነበር፤ ትራስ አደረግንላቸውና ቀና አሉ። ከበደሽ ወይ፣ ሠራሽ ወይ ብለው አልጠየቁም።

"ቀና አልሽ?" አሏት።

ልጅቷ አፈረች። "የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቀና አልኩ ቲቸር። ፈታኟ አፍጥጠው አዩኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።"

"በሌሎቹ ቀናትስ?"

ሙንተሃ እኔን አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ "አይቀየሙኝ ቲቸር... ረሳሁዎት" አለች።

እኔ ክፉኛ ከፋኝ። ለሞት የደረሰ ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል ብዬ ልቆጣት ስነሣ የእህቴን ፊት አየሁ። ቅንድባቸው ከፍ ብሏል። "እሰይ!" አሉ። "እሰይ የኔ ልጅ!" እጇን ይዘው ሳሙት። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲደሰቱ አላየኋቸውም። አቶ አብዱልፈታህ ከበሩ ላይ መጥተው ትራሱን አስተካከሉላቸው።

እህተማርያም በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ካህን ጠርተው ንስሐቸውን ተናዝዘው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት ይፈጸማል።

የፈተናው ውጤት ገና አልወጣም። ሙንተሃ ትለፍ ትውደቅ ማንም አያውቅም። እህቴ ውጤቱን ሳይጠብቁ ሄዱ፤ ቀረብኝ ሲሉም አልሰማኋቸውም። ሰው ግን ይጠይቃል። ትናንት ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ሙንተሃን "አስጠኚሽ ታመውብሽ እንዴት ሆንሽ?" አላት። አባቷ ናቸው የመለሱት። "ታመው አይደለም የቀሩት" አሉ ጮክ ብለው። "ልጄ ስለቻለች ነው።" ይህን ስሰማ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

መምህርት እህተማርያም አንዲት ልጃቸውን ሊዲያ ጌታቸውን፣ እኔን ታናሽ እህታቸውን፣ በሀዋሳና በአለታ ወንዶ ደግሞ ብቻቸውን የሚቀመጡ ብዙ ተማሪዎችን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ።

እህቴ ከልጆች ፊታቸውን ያዞሩት ለልጆቹ ብለው ነው። እግዚአብሔር እሱ ግን ከእሳቸው ፊቱን አያዙር። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።