የቱ ጋ ጠፋባችሁ?

ሰኔ 7፣ እሁድ ከሰዓት

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤ ጤና በመጠየቅ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ዛሬ ግን «ደህና ነህ ወይ?» አልልህም፤ ምክንያቱን አንብበህ ስትጨርስ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ የምሥራቹን ስማ፦ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አልተወሰዱብንም!

አምና የትምህርት ቢሮ ለትምህርት ቤታችን የሰጠውን ማስጠንቀቂያ በስልክ ነግሬህ ነበር። ውጤታችን ዘንድሮም ካልተሻሻለ ሁለቱ ክፍሎች ተዘግተው ልጆቹ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ ተብለን ነበር። ያንን መንገድ ታውቀዋለህ፤ የጭነት መኪና ፋታ የማይሰጥበት ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ያን ከማሻገር ቤት ማስቀረት እንደሚመርጥ ፊት ለፊት ነግሮኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልነገርኩህም።

አንድ ቀን «ጋሼ ቀጥሎ» የምትሏቸው መምህር ክፍል ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መቼም ሒሳብ ያስተማሩህን ሰውዬ አልረሳሃቸውም፤ ዛሬም እንደዚያው ናቸው። ሰሌዳውን ሞልተው ዞር ይሉና «ገባችሁ?» ይላሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ገብቶናል!» ይላል። እሳቸው «ቀጥሎ!» ብለው ዳስተር ያነሳሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ጣራ እስኪሰነጠቅ ነበር የጮኸው። ደብተሩን አየት ሳደርግ ያለው አንድ የእግር ኳስ ጫማ ብቻ ነው፤ ያውም አሳምሮ የሳለው። ልስቅ ስል ደነገጥኩ። ለካ እኔም አብሬያቸው «ገብቶናል!» ብያለሁ። ምንም አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ በርዕሰ መምህርነቴ መምህራኑን ሰብስቤ «ገባችሁ?» የሚለውን ቃል ከግቢው አገድኩ። በምትኩ «የቱ ጋ ጠፋባችሁ?» በሉ አልኳቸው።

ጋሼ ቀጥሎ ብድግ አሉ። «ስሚ እንጂ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበትን ቃል ከአፌ ልታወጪ? ጥርሴን ብትነቅይው ይቀለኛል።»

«ጋሼ፣ የሚነቀል ቀርቶዎታል እንዴ?» አለች የሳይንሷ መምህርት። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ሕጉ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። «የቱ ጋ ጠፋባችሁ?» ሲባል ክፍሉ ጭጭ ይላል። ልጆች ሞኝ አይደሉም፤ መጀመሪያ እጁን ያወጣ እንደሚሳቅበት ያውቃሉ። ይህን ሳውጠነጥን ሰነበትኩና በሚቀጥለው ስብሰባ ቢሮው ከሁለት ዓመት በፊት የላከልንን የትምህርት ዕቅድ ቅጽ ከፍ አድርጌ ይዤ ተነሳሁ። «ሦስተኛው ዓምድ ላይ ምን እንደሚጻፍ አልገባኝም። ስሞላው የኖርኩት በግምት ነው» አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደከበደኝ! ከዚያ ጋሼ ቀጥሎ፣ «እሰይ! እኔ ብቻ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የገባኝ መስዬ ራሴን ስነቀንቅ!» አሉ። አብዛኛው መምህር እንደኛው ኖሯል። አለቃ ያልደፈረውን ማንም እንደማይደፍር የተማርኩት ያን ቀን ነው። ይህን ያህል ዘመን መርቼ፣ አስበው።

ጋሼ ቀጥሎም ክፍላቸው ገብተው በልጅነታቸው ክፍልፋይ እንዴት እንዳስለቀሳቸው አወሩ። እጆች አንድ አንድ እያሉ መውጣት ጀመሩ። አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ተቆጣኝ፤ «ልጄ ቤት ሲገባ ‹አልገባኝም› ነው የሚለው! ድሮ ሁሉም ነገር ይገባው ነበር እኮ!»

በመጨረሻ ከትምህርት ቢሮው ተቆጣጣሪ መጣ። ክራባቱን አጥብቆ ያሰረ ወጣት ነው። ጋሼ ቀጥሎ ክፍል ገባና ጠመኔ ተቀብሎ ራሱ ማስተማር ጀመረ። «ከአርባ ተማሪ አሥሩ ቢቀሩ በመቶኛ ስንት ነው?» ብሎ ሰሌዳው ላይ ሠራውና ዞር ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ገባችሁ?»

«ገብቶናል!» ያለ የለም። ጋሼ ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የበሩን እጀታ ጨብጬ ቀረሁ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ መቶው ጋ ጠፋብኝ። ተማሪዎቹ አርባ ናቸው፤ መቶው ከየት መጣ?»

«እኔ መቶው ገብቶኛል» አለ ሌላው፣ «ለምን እንደምናካፍል ነው የጠፋብኝ።»

የተቆጣጣሪው ፊት ቀላ። አለቀልን አልኩ። እሱ ግን ሰሌዳውን አጠፋ፤ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና፣ «ጥሩ። ክፍሉ መቶ ልጆች ቢኖሩት ኖሮ ብለን እናስብ» ብሎ ከሥር ጀመረ። ደወል እስኪደወል አልወጣም። ከዚያ የራሱን ፈተና ሰጥቶ ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

ባለፈው ሐሙስ ደወለልኝ። «እመቤት፣ ብዙ ቦታ ልጆች ሲጠየቁ ‹ገብቶናል› ይላሉ፤ ሲፈተኑ ይጠፋባቸዋል። የእናንተ ልጆች ግን ሠርተውታል። ክፍሎቹ ይቀጥላሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ጋሼ ቀጥሎ ከኋላ ሆነው፣ የታገደውን ቃል ሆን ብለው፣ «ገባችሁ?» ብለው ጮኹ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ፣ «አልገባንም! ይድገሙልን!» አለ። ደገምኩላቸው። «አልገባንም!» ድምፄ እስኪዘጋ ደጋገምኩላቸው ልጄ። እስካሁን እንደጎረነነ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እሁድ እሁድ ስደውል «ደህና ነህ?» እልሃለሁ፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ደህና ነኝ እማዬ» ትለኛለህ። ከዚያ ስለ ዝናቡ እናወራና ቀጥሎ! ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀይሬአለሁ፦ የቱ ጋ ጠፋብህ? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ንገረኝ አልልህም፤ ከቀለለህ መስመር ጀምር። ደግሞም መሪ ይቅደም ብያለሁና እኔ ልጀምርልህ፦ አባትህ ካረፈ ወዲህ እኔ የሚጠፋብኝ እሁድ ከሰዓት ላይ ነው።

ያልገባህን የምትነግረው፣ ሰምቶም የማይቸኩል ሰው አያሳጣህ። አሜን በል።

እናትህ

ጋሼ ቀጥሎ ሰላም ብለውሃል። «አንድ ጊዜም አልገባኝም ብሎኝ አያውቅም ያ ልጅ» አሉ፤ አሁን ሲሉት ግን የኮሩ አይመስሉም።