ፍራንክፈርት ያገኘሁት ክታብ

ጽጌዬ፣

ወንድሜ ገናናው ሙዚየም ወስዶኝ ምን ባይ ጥሩ ነው? ክታብ! እንደ አንገት መስቀልሽ ከብር የተሠራ፣ ጣት የማያህል ጥቅል፤ የተገኘው ከአንድ አጽም አንገት ሥር ነው። ሰውየው በኖረበት ዘመን፣ በፈረንጆቹ 235፣ የሮማ ወታደሮች እዚሁ ጎረቤት ከተማ ማይንዝ የገዛ ንጉሠ ነገሥታቸውን ገድለው ሌላ አነገሡ፤ የሮማ ጠረፍ የነበረው ይህ አካባቢም በጦርነት ይታመስ ነበር።

«የተቆፈረው እኮ በኡ-ባን፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የምንመላለስበት ሰፈር ነው» አለኝ ገናናው።

ሲፈቱት እንዳይሰባበር በራጅ ነው ያነበቡት። «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ይላል። ልጅሽ ናሆም ወታደር ሆኖ ጠረፍ ሲመደብ አንገቱ ላይ ያሰርሽለት ክታብ ትዝ አለኝ።

ፖስትካርዱ ሞላ፤ የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሜ ሦስቴ «ቅዱስ» አልኩና የናሆምን ስም ጨመርኩበት።

ውድነሽ