ጥርት ብሎ የወጣው ስንጥቅ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

በእማዬ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ ሰፍቷል። መሐንዲሱ ያረጋገጠው ዛሬ ጠዋት ነው።

ወሬውን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ከፍርሃቴ የተነሣ ነውና አትቀየመኝ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? እትዬስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እማዬ እግሯ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ጨዋታዋ እንዳለ ነው።

መሐንዲሱ ስንጥቁን በየወሩ ከአንድ ቦታ ፎቶ እንዳነሣው አዞኝ ነበር። ከጎኑ ማስመሪያ ለጥፌ፣ የካሜራው ማቆሚያ ሦስት እግሮች የሚያርፉበትን ወለሉ ላይ በጠመኔ አመለከትኩ። የመጀመሪያው ፎቶ የተነሣው በፀሐያማ ቀን ስለነበር ጥርት አለ። በሁለተኛው ወር ግን ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ካሜራው ብርሃን እስኪበቃው ዓይኑን ረዘም አድርጎ መክፈት ነበረበት። የስንጥቁ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ወጣ። መሐንዲሱ በዚህ መፍረድ አልችልም አለ። አከራያችን ግን ሣቀብኝ፤ ካሜራሽን ወባ ይዞት በግድግዳዬ ታሳብቢያለሽ አለኝ።

ስድቡ ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? ጥፋቱ የካሜራው ከሆነ ግድግዳው ደኅና ነው ማለት ነዋ። ካሜራው ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያ አለ። ማቆሚያ ላይ ሲሆን ግን የሌለ መንቀጥቀጥ ሲፈልግ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ሳላጠፋው ቀርቻለሁ። ቁልፉ ሲጫን ከውስጥ ተፈናጥራ የምትነሣው መስታወትም ካሜራውን ትነቀንቀዋለች። ስለዚህ ትናንት መሣሪያውን አጥፍቼ፣ መስታወቷን አስቀድሜ አንሥቼ ቆለፍኩና ንዝረቱ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ካሜራውን በእጄ ሳልነካ፣ በገመድ በተያያዘው መጫኛ ፎቶውን አነሣሁ። የማስመሪያው መስመር አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆነ። ስንጥቁ ግን አልቀጠነም። ምነው ጥፋቱ የኔ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው።

መሐንዲሱ ዛሬ ጥርት ያሉትን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ የማስመሪያውን መስመሮች ቆጠረ። ሰፍቷል አለና መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ «እናትሽ የሚተኙት በየት በኩል ነው?» ሲለኝ «ከስንጥቁ ሥር» አልኩት።

ከጎረቤታችን አናጢ ጋር አልጋዋን ወደ በሩ አስጠጋን። ቤቱን እንልቀቅ ስላት ግን በጄ አላለችም፤ «እኔስ ተሰነጣጥቄ ይኸው አለሁ አይደል?» አለች። አናጢው ሣቀ፤ እኔን ግን ሣቅ እምቢ አለኝ። መኪና በታች ባለው መንገድ ባለፈ ቁጥር ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነው። አንተን ትሰማለችና እባክህ ደውልላት። መፍራቴን ግን እንዳትነግርብኝ።

እትዬን ሳሚልኝ በልልኝ ትላለች እማዬ፣ የትንሿን ልጃችሁን ጉንጭ ማለቷ ነው። ትልቁን ልጅህንም፣ በርታ ብላሃለች በለው። አማትህንም ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ።

ቤቱን ለቀን እንውጣ ወይስ ግድግዳው ተደግፎ እንቆይ፣ መሐንዲሱ ዓርብ ጠዋት ቁርጡን ይነግረናል።

እህትህ
ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ረቡዕ ሰኔ ፲፪ ቀን