ከጎን የተጨመረው ሜዳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም የሰው ምክር አልሰማም ብለሽ ያለ ሹራብ ትወጫለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህን የምለው እንደ ወትሮው አንቺን ለማረጋጋት አይደለም፤ ጉልበቴ ምስክሬ ነው። ደረጃ ስወጣ ማቃሰት ትቷል።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን ገና አፌን ስከፍት አባዬ መድኃኒትህን ወስደሃል ወይ፣ ጨው ቀንሰሃል ወይ ትይኛለሽ፤ እሱን መልሼ ሳልጨርስ አለቃሽ ይጠራሻል። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ወረቀት ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባም።

እንግዲህ ወቀሳውም ምስጋናውም የአንቺ ነው። እናትሽ ካረፈች በኋላ ከሶፋው ጋር ተጣብቄ ስቀር፣ እጄን ይዘሽ የከተማው መዝናኛ ማዕከል ወስደሽ ያስመዘገብሽኝ አንቺ ነሽ። ዕድሜውን መሪ ይዞ የኖረ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር በስተርጅና የቴኒስ ራኬት ሲጨብጥ አስቢው እስቲ! የመጀመሪያ ሰሞን ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ ፍሬን ፍለጋ እግሬን ነበር የምዘረጋው።

እኛ አዛውንቶቹ የምንጫወተው ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው። ዕጣ ሲጣል ለእኔ የደረሰችኝ ከገበያው ማዶ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ናት። ስለ እሷ ነግሬሻለሁ መሰለኝ። አልነገርኩሽም? እንግዲያው አሁን ልንገርሽ። እሷም ባሏን ከቀበረች ቆየች። ቁመቷ አጭር ነው፤ መረቡ ሥር ትቆምና ዓይኗን ከኳሷ አትነቅልም። እኔ ከኋላ እጠብቃለሁ። ብዙ አታወራም፣ ስታወራ ግን አንጀት ታርሳለች። አንድ ቀን ኳሷን አጥር ባሻግራት፣ አውቶቡሱ ዛሬም ፌርማታውን አለፈ ብላ ሰውን ሁሉ በሳቅ ገደለችው።

ችግራችን ሜዳው አንድ መሆኑ ነበር። ጠዋት ተማሪዎች፣ ማታ ሠራተኞች ይይዙታል፤ ለእኛ የተረፈን ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው። ቀትር ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ይበዛባታልና እየቀረች መጣች። እሷ የቀረች ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሰው ጨዋታ አይቼ እመለሳለሁ። ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር።

ከማዕከሉ ጎን ሣርና ስብርባሪ ወንበር የሞላበት ባዶ ቦታ አለ። አሮጌው ሜዳ እንዳለ ሆኖ እዚያ ሌላ ይጨመርልን እያልኩ ሥራ አስኪያጁን ነዘነዝኩት። ከአንገቱ ፊሽካ ስለማይለየው እኛ ፊሽካው ነው የምንለው። በመጨረሻማ ከሩቅ ሲያየኝ፣ ሰዓት አልቋል ለማለት ፊሽካውን ይነፋብኝ ነበር። ብቻ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ከተማው ፈቀደ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ፊሽካው የአዲሱን ሜዳ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስረዳን። መብራት ይኖረዋል፤ ለአዛውንቶችም አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ አመሻሽ ላይ ሰዓት ተይዞልናል። ፊቴ በፈገግታ ተሞልቶ ሳለ አንድ ነገር ጨመረ። ሜዳው ሁለት ስለሆነ፣ ለአዛውንቶቹ ክብር ሲባል ወንዶቹ በአሮጌው፣ ሴቶቹ በአዲሱ ይጫወታሉ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ! የተባለው የገባኝ እጄን ካወረድኩ በኋላ ነው። በገዛ እግሬ ተመላልሼ፣ በገዛ አፌ ለምኜ ያስጨመርኩት ሜዳ አጋሬን ሊወስድብኝ ነው።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ሥር ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሳላስበው ብድግ አልኩ። እሷ አጭር ናት፣ እኔ ረጅም ነኝ፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ለምደናል፤ ደግሞ እሷ ግራኝ ናት፣ እያልኩ ቀባጠርኩ። ፊሽካው ፈገግ ብሎ፣ ለመሆኑ እሷ የምትሏት ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እኮ ስለ አዛውንቶቹ ሁሉ የማወራ መስሎኝ ነበር። ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ልቀመጥ ስል ከኋላ በኩል ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። መቀስ ለሁለት ተከፍሎ ጨርቅ ሲቆርጥ አይታ እንደማታውቅ፣ እሷም አጋሯን የመቀየር ሐሳብ እንደሌላት ተናግራ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የተጨበጨበውን ብትሰሚ! ፊሽካውም ጥንዶቹ እንዳሉ ይቀጥላሉ ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ልጄ፣ ደስ አለኝ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ ደስ ባለኝ ቁጥር የሰው ዕቃ የወሰድኩ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልመሰለኝም። ይህን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። ባለፈው ሰሞን ቡድኑ በሙሉ ቤት መጥቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳው ላይ ያለው የእናትሽ ፎቶ ፊት ቆማ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ያንን ቀሚስ ማን ሰፋው ብላ ጠየቀችኝ። ራሷ ናት አልኳት። እጅጌውን ቀረብ ብላ አይታ፣ እንዴት ያለ እጅ ነበራት አለች። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ ለእኔ ያዝንልኛል እንጂ፣ የእናትሽን እጅ ያነሣልኝ አልነበረም።

አዲሱ ሜዳ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሑድ ይከፈታል። ፊሽካው የመክፈቻውን ጨዋታ እኔና እሷ እንድንጫወት ወስኖብናል፤ ላስቸገራችሁኝ ቅጣት ነው ይላል። እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ሥራ በዝቶብኛል ብትይ አልቀየምም። ውሸቴን ነው፣ እቀየማለሁ። ስንሸነፍ ለማየትም ቢሆን ነይ፤ ከዚያ ቤት ገብተን ምሳ አብረን እንበላለን።

ባለፈው ስትመጪ የእናትሽ ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ብለሽ አልቅሰሽ ነበር። ማንም አልተቀመጠም። እንግዶቹ የመጡ ቀን ወንበር ሲያንስ ልብስ ሰፊዋ ወደ እሱ አየች፣ ምንም ሳልላት ቆማ ሻይዋን ጠጣች። ወንበሩ መስኮቱ ጋ እንዳለ ነው፤ ወደፊትም እዚያው ይኖራል። እኔ ከጠረጴዛው ጎን ሌላ ወንበር ገዝቼ ጨመርኩ። አጠር ያለ ነው፤ እኔም አንቺም ብንቀመጥበት ጉልበታችን አገጫችንን ይነካል። ሻጩ ልጅህ ካልወደደችው መልሰው ብሎኛል። እኔ ግን እንድትወጂው እየጸለይኩ ነው።

ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ የወጣሽበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ልጄ።

ሹፌሩ አባትሽ፤
ከእንግዲህ ማናገር ይፈቀዳል።