በእጄ ላይ የቀረው መርፌ

ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ልጄን አስካለን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው።

ት/ቤት አልሄድኩም። ተማሪዎቹን አሰናብቱልኝ ብያለሁ። በረቱ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ምጥ ካለበት ቤት ወንድ አይገባም። ባሏ ሐረር፣ ውትድርና ላይ። ከውስጥ የሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም»፤ በመሃሉ የእሷ ጩኸት። ተልባ ጠጥታለች። ወገቧ በቅቤ ታሽቷል። ምጡ ይፈታላት ብሎ የቤቱ ሰው ሁሉ መቀነቱን ፈትቷል፤ እኔም። ምንም።

በቃሬዛ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት እናድርሳት አልኩ። ሚስቴ አይሆንም አለች። እኅቷ በቃሬዛ ተይዛ ወጥታ መንገድ ላይ ነው የሞተችው። አልተከራከርኩም።

ከቀትር በኋላ።

ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ጥላዬ መጣ። ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ ነው። እዚያ ወገቡን ሲያመው አንድ የአገሩ ሽማግሌ በቀጫጭን መርፌ ወግተው አሻሉት፤ ሲሰናበት መርፌዎቹን ሰጡት። የምጥ ሕመምም ያስታግሳል ይላል። ልጁን ግን አያወርድም፤ ሕመሙን ብቻ። ይህን ደጋግሞ ነገረኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

አዋላጇ እማማ ብርቄ በሩን ዘጉበት።

«ከረጢት መሰለችህ የምትሰፋት?»

«እንግዲያስ እርስዎ ይውጓት፣ እማማ። እኔ ቦታውን ላሳይዎት።»

«በማን ገላ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ማስታወሻዬ፣ ሳቅ ካማረህ ሳቅ። መርፌዎቹ ተቀቀሉ። ጥላዬ አንዱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል፣ ሌላውን ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ አድርጎ ሰካ። እማማ ብርቄ ጎንበስ ብለው አዩ፣ በጣታቸው ለኩ፣ ገቡ። ጠፋኝ ብለው ወጡ፤ እንደገና አዩኝ፤ ገቡ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ፈዘዘ።

ሲመሽ ጩኸቱ ቀነሰ።

ኅዳር ፳፣ ጧት።

ተኝታለች። ሚስቴ ወጥታ ጥላዬን መረቀችው። ቃሬዛ የሚባል እንዳላነሳባት አስጠነቀቀችኝ፤ ማርያም ሰምታናለች፣ ነገ በዓሏ ነው። ጥላዬ አልሳቀም። ልጁ ወርዷል ወይ ብሎ ጠየቀ። እማማ ብርቄ፣ «ባለበት ነው» አሉ።

ያኔ ቃሬዛው ይምጣ ማለት ነበረብኝ። ግን ዕንቅልፍ ያገኘችን ልጅ ማን ቀስቅሶ ገደል ያወርዳል?

ከሰዓት። ጩኸቱ ተመለሰ። እንደገና በእኔ ላይ አይተው ወጓት። አልያዘም። ጥላዬ አቀርቅሮ ይቅር በለኝ አለ። እሱ የዋሸው የለም። ሕመሙ ሲተኛ ልጁ የመጣ የመሰለን እኛ ነን። ቀኑ በከንቱ ሄደ።

ኅዳር ፳፩። ማርያም ቤ/ክ ቅጽር ውስጥ።

ሚስቴ ጸበል ቅዳ ብላ ልካኝ ነው። ወረፋው ረጅም። ቅሉን ጉልበቴ መሃል ይዤ እጽፋለሁ። ከቤት ስወጣ አስካለ አልጮኸችም፤ ድምፅ አልቆባት ነው። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል ብለው ነገሩኝ።

አጠገቤ ያሉ አሮጊት እጄን አይተው አማተቡ።

«አንተ መምህር፣ መርፌ ተሰክቶብሃል እኮ!»

ለካ አልነቀልኩትም። ዛሬ ጧት እንደገና ሞክረው ነበር። ነቀልኩት። አላመመኝም። እንዲህ አለማመሙ ለእሷ ነበር መሆን የነበረበት።

ጥዱ ሥር ወንዶቹ ተሰብስበዋል። የአጥቢያው ጎረምሳ ሁሉ፣ ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ ሁሉ፣ ለበዓሉ እዚህ ነው። ጥላዬ መሃላቸው ቆሟል። ያየኛል። ደፍሮ አይመጣም፤ አባቷ እኔ ነኝ፣ ውሳኔው የእኔ ነው።

ምናልባት ረፍዷል። መንገድ ላይ ትሞትብኝ ይሆናል። ሚስቴ ዕድሜ ልኳን ትረግመኛለች። እቤትም ከሆነች ያው ነው፤ ልዩነቱ እኔ ተቀምጬ መስማቴ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ዲያቆኑ ቅልህን አምጣ ይላል። ባዶውን ቅል ለአሮጊቷ ተውኩላቸው። ወደ ጥዱ ሥር ልሄድ ነው።